ክላሲክ ሮክ በሸክላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሸክላ ማጫወቻ የገዛ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ጥያቄ ይጀምራል። ምን ልስማ? የድሮውን ልግዛ ወይስ አዲሱን? ለምን ይንጫጫብኛል? ከታች ያሉት ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሱብኝ ናቸው። ምርጫዎቹ የእኔ ናቸው፤ አልስማማም የሚል ካለ ክርክሩን እወደዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሸክላ ብቻ ግዛ ብባል የትኛውን ልግዛ?

የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»። አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

አልበሙ የወጣው በ1973 ነው። የተቀዳው ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሆን የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ ነበር። ርዝመቱ 43 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለአንድ ሸክላ ልክክ ይላል። የመጀመሪያው ገጽ የሚያልቀው «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ላይ ነው። ክሌር ቶሪ የምትባል ዘፋኝ አንድም ቃል ሳትዘፍን፣ በድምፅዋ ብቻ ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ በስተመጨረሻ ድክም ብላ ትወርዳለች። በነገራችን ላይ ለዚያ ሥራ የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። በ2004 ከሰሰች። በ2005 ተስማሙና ስሟ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከሪቻርድ ራይት ጎን በደራሲነት ገባ።

ሸክላው ላይ ከዚህ በኋላ ምንም የለም። ተነስታችሁ ትገለብጡታላችሁ። ያቺ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ዝምታ ለእኔ የአልበሙ አካል ናት። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ በ«መኒ» ይከፈታል፤ የሳንቲም ቅጭልጭልታ፣ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን፣ የሚቀደድ ወረቀት። ስልክ ላይ ስትሰሙት ግን ለቅሶው አልቆ ሳትተነፍሱ ሳንቲሙ ይንኳኳባችኋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አልበሙ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በጣም ዝቅ ባለ የልብ ትርታ ነው። ሸክላው የተጫረ ከሆነ ከልብ ትርታው ቀድሞ የሚሰማችሁ የአቧራው ቅጭቅጭታ ነው። ለዚህኛው ንጹሕ ቅጂ ለማግኘት ትንሽ ገንዘብ መጨመር አያስቆጭም።

«ዘፈን ሳይሆን ገጽ ምረጥ» የምትለው ለምንድን ነው?

የዚያ ዘመን ሙዚቀኛ አልበም ሲያሰናዳ በእጁ ያለው ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ሁለት መክፈቻ፣ ሁለት መዝጊያ። ዘፈኖቹን የሚደረድረው ያንን አስቦ ነው። በሸክላ መስማት ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ታስበው የተሠሩት ላይ ነው።

ቢትልሶችን እንውሰድ። በ1969 በወጣው «አቢ ሮድ» የመጀመሪያው ገጽ የሚዘጋው «አይ ዎንት ዩ» በሚለው የጆን ሌነን ዘፈን ነው። ጊታሩ ያንኑ ዜማ ይደጋግማል። ነፋስ የመሰለ ሹክሹክታ ከስር እየገባ ይጨምራል። ይከብዳል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ጭጭ። አያልቅም፤ ይቆረጣል። ሌነን ቴፑ እዚያ ጋ እንዲቆረጥ ስለፈለገ ነው። መጀመሪያ የሰማ ሰው መብራት የሄደ ይመስለዋል። ትገለብጡታላችሁ፤ የጆርጅ ሀሪሰን «ሂር ካምስ ዘ ሰን» በአንድ ጊታር ይጀምራል። ይህንን ያህል ርቀት ያላቸው ሁለት ዘፈኖች እንዲቀመጡ ያስቻለው የመገልበጡ ነገር ነው።

የዚያው አልበም ሁለተኛ ገጽ ከመሃሉ ጀምሮ ቁርጥራጭ ዘፈኖች ተሰፍተው አንድ ረጅም ሥራ ሆነዋል። «ዚ ኤንድ» ሲያልቅ አትነሱ። 14 ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ ይዞርና «ኸር ማጀስቲ» የምትባል የ23 ሰከንድ ዘፈን ትመጣለች። መጀመሪያ በወጡት ሽፋኖች ላይ ስሟ እንኳ አልተጻፈም።

የቢትልሶቹ የ1967ቱ «ሳርጀንት ፔፐርስ» ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። በእንግሊዙ ሕትመት ላይ፣ ዘፈኑ አልቆ መርፌው መሃል ላይ ዝም ብሎ በሚዞርበት ቦይ ውስጥ፣ ትርጉም የሌለው ጫጫታ ቀድተውበታል። ማጫወቻችሁ ክንዱን ራሱ የማያነሳ ከሆነ ተነስታችሁ እስክታስቆሙት ሲለፈልፍ ያድራል። ከጫጫታው በፊትም በጣም ቀጭን ድምፅ አለ። ብዙ ሰው አይሰማውም፤ ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ግን ጆሮውን ያቆማል። የያኔው የአሜሪካ ሕትመት ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ከሌድ ዜፕሊን አራተኛው አልበም፣ ስም ከሌለው ከ1971ዱ፣ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ መጀመሪያው ገጽ ነው፤ «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ያለው እዚያ ነውና። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሚዘጋው በ«ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ነው። የጆን ቦናምን ድራም ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ደረጃው ስር ካለው አዳራሽ አኖሩት። መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎን ከላይ ከደረጃው ላይ ሰቀለ። ደህና ስፒከር ላይ ከሰማችሁት ከድራሙ እኩል የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ይሰማችኋል።

በሸክላ ሲሰማ በእርግጥ ይሻላል?

በመለኪያ ከሄድን ሲዲ ይበልጣል። ጫጫታው ያነሰ ነው፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለውም ርቀት ይሰፋል። ይህንን የሚክድ ሰው ሊሸጥላችሁ የፈለገው ነገር አለ።

ልዩነቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከማስተሪንጉ፣ ማለትም ከሕትመት በፊት ከሚደረገው የድምፅ የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ የሮክ ሲዲዎች ጎላ ብለው እንዲሰሙ ተብሎ ድምፃቸው ተጨፈለቀ። ዝቅ ያለውም ከፍ ያለውም እኩል ይጮኻል። ጆሮ ይደክማል። የ1970ዎቹ ጥሩ ሸክላ ላይ ግን ድራሙ ሲመታ ከፍ ይላል፣ ዘፋኙ ሲያንሾካሹክ ዝቅ ይላል። በመጥፎ የተቆረጠ፣ ማለትም ቦዩ በደንብ ያልተቀረጸ ሸክላ ደግሞ በጥሩ ሲዲ ይሸነፋል፤ የዋዛ ሽንፈትም አይደለም።

የገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ድምፁ የሚሻክርብኝ ለምንድን ነው?

ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። ዳርም ላይ መሃልም ላይ ይኸው ነው። መርፌው የሚሄደው ርቀት ግን አንድ አይደለም። ዳር ላይ በሰከንድ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቦይ ከመርፌው ስር ያልፋል። መሃል አካባቢ ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ይታጨቃል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጎዱት ሲምባሉና ዘፋኙ «ስ» ሲል የሚወጣው ድምፅ ናቸው። አዘጋጆቹም ይህንን ያውቁ ስለነበር ለስለስ ያለ ዘፈን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር።

ካርትሪጁ፣ ማለትም ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የያዘው ክፍል፣ በትክክል መታሰሩን አረጋግጡ፤ ግማሹ ችግር እዚያ ያልቃል። መርፌው ያረጀም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው በ45 ዙር የተቆረጡ ሕትመቶችን ይሞክር። የፍሊትዉድ ማክ «ሩመርስ» በ2011 በሁለት ሸክላ እንዲህ ወጥቷል፤ የቆረጡት ስቲቭ ሆፍማንና ኬቨን ግሬይ ናቸው። ድምፁ ግሩም ነው። ቅጣቱ በየአሥር ደቂቃው ከሶፋ መነሳት ነው።

አንድ ሸክላ ስንት ደቂቃ ይይዛል?

በአንድ ገጽ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ምቹ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቦዮቹ ይጠባሉ፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቤዙ ይሳሳል። ቶድ ረንድግረን በ1975 በ«ኢኒሺዬሽን» ከ67 ደቂቃ በላይ አንድ ሸክላ ላይ አጭቋል። ስትሰሙት አምፕሊፋየሩን ከፍ ማድረግ አይቀርላችሁም።

ይህ ገደብ ዘፈን አስቀርቷል። የፍሊትዉድ ማክ ዘፋኝ የስቲቪ ኒክስ «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ከ1977ቱ «ሩመርስ» የወጣው አንዱ ምክንያት ርዝመቱ ነበር። «ጎ ዩር ኦውን ዌይ» በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ከጀርባው ተለጠፈ። ኒክስ ቅር መሰኘቷን ደብቃ አታውቅም፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

የዳየር ስትሬትስ «ብራዘርስ ኢን አርምስ» ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1985 ሲወጣ ለሲዲ ዘመን የተሠራ አልበም ነበር፤ የተቀዳውም በዲጂታል ነው። ሲዲው 55 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ሸክላው ላይ እንዲገባ አንዳንዶቹን ዘፈኖች አሳጥረዋቸዋል። ሙሉውን የሚፈልግ በሁለት ሸክላ የወጣውን አዲሱን ሕትመት ይግዛ።

የድሮውን ሕትመት ልግዛ ወይስ አዲሱን?

እንደ አልበሙ ነው። በሚሊዮን የታተሙት፣ «ሩመርስ»፣ የኢግልስ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» እና የመሳሰሉት፣ ያገለገሉት ሞልተዋል። ንጹሕ የድሮ ቅጂ ከአዲሱ በርካሽ ልታገኙ ትችላላችሁ። እኔ ብሆን ከዚያ እጀምራለሁ።

ኪስ የሚያራቁቱት ሌሎች ናቸው። ታዋቂው የሌድ ዜፕሊን ሁለተኛ አልበም ነው። በ1969 መጀመሪያ የቆረጠው ሮበርት ሉድዊግ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር፤ ድምፁን ደፍሮ ከፍ አድርጎ ቆረጠው። ሉድዊግ እንደሚተርከው የአትላንቲክ ሪከርድስ አለቃ አህመት ኤርተጉን ቅጂውን ለሴት ልጁ ይሰጣታል። የልጅቱ ርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው ይዘላል። በዚህ ምክንያት አልበሙ ዝቅ ብሎ እንደገና ተቆረጠ። ዛሬ ሰብሳቢዎች መሃል ካለው የወረቀት መለያ አጠገብ ባለው ባዶ ጠርዝ ላይ የተጫሩትን የሉድዊግን ሁለት የስም ፊደላት በባትሪ ሲፈልጉ ይውላሉ። ካገኙት በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ሰምቼዋለሁ፤ ድራሙ ደረት ይመታል። ግን በዚያ ዋጋ አሥር ደህና ሸክላ ይገዛል።

አዲስ ሕትመት ላይ «180 ግራም» የሚለው ተለጣፊ አያማላችሁ። ክብደት ቦዩን አያጠልቀውም። ዋናው ከየትኛው ቴፕ፣ በማን እጅ ተቆረጠ የሚለው ነው። በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የሚባለው ውድ ሸክላዎች የሚያሳትም ድርጅት ብዙዎቹን ሕትመቶቹን በዲጂታል ቅጂ በኩል አሳልፎ እንደሚቆርጥ ታወቀ። ገዢው ከቴፕ በቀጥታ የመጣ መስሎት ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀ። የሚገርመው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚያኑ ሸክላዎች በድምፅ ጥራታቸው ሲያሞግሱ የነበሩት ዲጂታል አንሰማም የሚሉት ናቸው።

የቢትልስን የ1960ዎቹ ሥራ ለሚፈልግ ግን አንድ ልዩ ምክር አለኝ። እስከ 1968 ድረስ ልጆቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው የሚከታተሉት የሞኖውን (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚመጣበትን) ቅንብር ነበር፤ ስቴሪዮው (ግራና ቀኝ የሚለየው) እንደ ትርፍ ሥራ ነው። በ2014 የሞኖ አልበሞቹ ከቴፕ በቀጥታ ተቆርጠው በሸክላ ወጥተዋል። ካገኛችሁ አትለፏቸው።

ያገለገለ ሸክላ ስገዛ ምን ልይ?

መጀመሪያ የደረጃ ስያሜዎቹን እወቁ። ከላይ ወደ ታች ሚንት፣ ኒር ሚንት፣ ቬሪ ጉድ ፕላስ፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ ይባላሉ። ጉድ የተባለው በተግባር የተበላሸ ነው። ከቬሪ ጉድ ፕላስ በታች አትውረዱ።

ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ሸክላውን አውጥታችሁ መብራት ስር ዘንበል አድርጉት። ጭረት ካያችሁ በጥፍራችሁ ዳሰስ አድርጉ። ጥፍር ከያዘው መርፌውንም ይይዘዋል። ቦዮቹ ጥቁርነታቸው ለቅቆ ግራጫ ከሆኑ በከባድ መርፌ ተፈግፍገዋል፤ መልሱት። ሽፋኑ ውስጥ የነበረው ፖስተርና ወረቀትም መኖሩን ጠይቁ። «ዳርክ ሳይድ» ሲወጣ ሁለት ፖስተርና ተለጣፊዎች ነበሩት።

የሮሊንግ ስቶንስ «ስቲኪ ፊንገርስ» የራሱ ጣጣ አለው። የ1971ዱ ሽፋን የአንዲ ዋርሆል ሐሳብ ነው፤ የጂንስ ሱሪ ፎቶ ላይ እውነተኛ ዚፕ ተሰፍቷል። ሸክላዎቹ ተደራርበው ሲጓጓዙ የዚፑ መያዣ የጎረቤቱን ሸክላ እየተጫነ «ሲስተር ሞርፊን» የሚባለውን ዘፈን አበላሸ። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ዚፑን አስቀድሞ ወደ ታች መክፈት። ያኔ መያዣው የሚያርፈው መሃል ያለው የወረቀት መለያ ላይ ነው። ስለዚህ የድሮውን ስትገዙ በቅድሚያ ያንን ዘፈን አሰሙኝ በሉ። ቤትም ስታስቀምጡት ዚፑን ከፈት አድርጋችሁ ካርቶን ደግፉበት።

ርካሹ ባለ ሻንጣ ማጫወቻ ሸክላዬን ይጎዳዋል?

ቶሎ ያስረጀዋል። ደህና ካርትሪጅ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ተጭኖ ይሠራል፤ ርካሾቹ እስከ 5 ግራም ይጫናሉ። ለመሞከሪያ በርካሽ የገዛችሁትን አጫውቱበት። ውዱን አታስነኩት።

ከአሜሪካ ማጫወቻ ይዤ አዲስ አበባ ብገባ ይሠራል?

ይህንን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው የሚጠይቀው ደግሞ ከገዛ በኋላ ነው።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል። ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ ግን አይነካውም። ብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። 33⅓ የነበረው ወደ 28 ይወርዳል። የሌድ ዜፕሊኑ ዘፋኝ ሮበርት ፕላንት እንቅልፍ ጥሎት የሚዘፍን ይመስላል። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራውን የሞተሩን ትንሿን መዘውር ፈልጎ መቀየር ነው፤ ለሁሉም ሞዴል ግን አይገኝም።

አዲሶቹ በአብዛኛው ችግር የለባቸውም። ቻርጀር በሚመስል አዳፕተር የሚሠራና አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ በሰላም ሰኩት። የድሮ ማጫወቻ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚመጣም የኸርዝ ጣጣ የለበትም፤ እዚያም 50 ነው። ከሳዑዲ ለምታመጡት ግን የአሜሪካው ነገር ይመለከታችኋል፤ እዚያ 60 ኸርዝ ነው።

በጉዞ ላይ የማጫወቻውን ክንድ እሰሩ፤ መርፌውን ነቅላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። የክንዱ ሚዛን ጠባቂ ክብደትም ለብቻው ይጠቅለል።

የባሕረ ሰላጤ አገር ሙቀት ሸክላ ያበላሻል?

መኪና ውስጥ ከተውት፣ አዎ። የተዘጋ መኪና በበጋ ከ60 ዲግሪ ያልፋል፤ ሸክላ ፕላስቲክ ነው፣ ይጣመማል። ቤት ውስጥ ኤሲ እስካለ ድረስ ስጋት የለም። አቁማችሁ እንጂ ደራርባችሁ አታስቀምጡ።

«ምርጥ ዘፈኖች» የሚሉትን ስብስቦችስ?

ለሸክላ አልመክርም። ገጾቻቸው ታስበው አልተሠሩም። የኢግልስ የ1976ቱ ስብስብ አሜሪካ ውስጥ በ2018 በ38 ሚሊዮን ቅጂ የተመሰከረለት ነው። ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ለመኪና መንገድ ትዝታ ያህል ግዙት፤ አልቆጣም።

በዚያ ዘመን ይህ ሙዚቃ እኛ ዘንድ ይሰማ ነበር?

ይሰማ ነበር። አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ ራዲዮ የዘመኑን የአሜሪካ ሙዚቃ ያስተላልፍ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ፣ መጀመሪያ ሕንድ ቀጥሎም ሊባኖስ ነበር። በአብዛኛው ባለ 45 ዙር ትንንሾቹ ናቸው። ስለዚህ የአያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ ሸክላ ብታገኙ ከሮክ ይልቅ ዓለማየሁ እሸቴ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ዋጋውን ሳታጣሩ ለማንም አትስጡ።

ድምፁን ምን ያህል ልክፈተው?

ዴቪድ ቦዊ በ1972 «ዚጊ ስታርደስት» ሽፋን ጀርባ ላይ በመጨረሻው ከፍታ ይጫወት ብሎ አጽፏል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህንን ከጎረቤት ጋር ይነጋገርበት።

ስፒከሩና ማጫወቻው አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆኑ ግን ጎረቤት ሳይመጣም ችግር አለ። ቤዙ ጠረጴዛውን ያነቃንቃል፤ መርፌው ያንን ንቅናቄ መልሶ ያነሳል፤ «ሁም» የሚል ድምፅ እየጨመረ ይመጣል። ስፒከሩን ወደ ሌላ ቦታ አውርዱት። ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ብታስቀምጡት ደግሞ ልጆች ሲሮጡም መርፌው አይዘልም።